ኒውዚላንድ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሒሳቡን ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ መሥሪያ

ሁለት ጓደኛሞች ጣና ዳር ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ውጭ መውጣት ላይ ይወድቃል። አንዱ ዲቪ ይላል፣ አንዱ ካናዳ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ኒውዚላንድ የሚል ይመጣል። ስሙ ሲነሣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሰላም ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ጉቦ የለም። ማን ይጠላል?

ነገሩ ሩቅ ነው። ሩቅ ስል ደግሞ ዱባይን ሩቅ እንደምንለው አይደለም። ከአውስትራሊያ እንኳ ተነሥቶ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር መሻገር ይጠይቃል። ብዙ ሰው ቪዛውን ያጣራል፣ ደመወዙን ያጣራል፣ ርቀቱን ግን «አውሮፕላን አለ አይደል እንዴ!» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከወጪው ሁሉ ትልቁ ርቀቱ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከመሄጃው በፊት መመለሻው ስንት እንደሚያወጣ ይታወቅ። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የደረደርኳቸው በዚህ ሐሳብ ነው። ኒውዚላንድን ምሳሌ አደረግኩ እንጂ አይስላንድም ሆነ አውስትራሊያ ለሚያስብ ሰው መንገዱ ያው ነው።

አንድ ደብተርና ጥቂት ሳምንት ይበቃችኋል። ባለትዳር ከሆናችሁ ደብተሩ ሁለት ይሁን። ለየብቻ ጻፉና ኋላ አስተያዩ። ባልና ሚስት አብረው ሲጽፉ አንደኛው የሌላውን ፊት እያየ ነው የሚጽፈው።

ደረጃ 1፦ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ለተሻለ ሕይወት» የሚለው አይቆጠርም። እሱ የሁሉም ሰው ምክንያት ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ደመወዜ ኪራይ ከፍሎ ወሩን አያደርሰኝም»፣ «ልጆቼ ሳይቋረጥባቸው እንዲማሩ እፈልጋለሁ»፣ «በሙያዬ ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም»፣ «ሰላም ማጣቱ ሰለቸኝ»፣ «እኩዮቼ ሁሉ ሄደው አለቁ»።

ከዚያ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ይህ ነገር አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ብገባ ይፈታልኛል? ሥራ ብቀይርስ? መልሱ አዎ ከሆነ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ያሳለፈውን እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ይህን ምክንያቴ ነው ብሎ የጻፈን ሰው «ትንሽ ታገሥ» ማለት አያምርብኝም። ግን ይህ ምክንያት ከሀገር ውስጥ ዝውውር ጀምሮ ብዙ ዓይነት መልስ አለው። ኒውዚላንድ ከመልሶቹ ሁሉ የመጨረሻው ሩቅ ነው።

«እኩዮቼ ሄደው አለቁ» የሚለውን የጻፋችሁ አትፈሩ። እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌሎቹ ሥር ተደብቆ የሚገኘው እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስቡ። ጓደኞቻችሁ ያሉት ቨርጂኒያና ቶሮንቶ ከሆነ ኒውዚላንድ ስትገቡ ከእነሱም ትርቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን በሰዓት ለኩት

ኒውዚላንድ በሰዓት ከኛ 9 ትቀድማለች። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት መጨረሻ ግድም ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ 10 ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ቁጥር ነው። ወደ ኑሮ ስናመጣው ግን ሌላ ነው።

እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ የማግስቱ ንጋት 11 ወይም 12 ሰዓት ነው። ማለትም ቤተሰቡ ራት በልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጨዋታው ሲደራ እናንተ ተኝታችኋል። ወይ ደግሞ ለሥራ እየተነሣችሁ ነው። ለሁለቱም ወገን የሚመቸው እዚህ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ነው። ያኔ እዚያ አመሻሽ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ይሆናል፤ በእነሱ በጋ ደግሞ ከ12 እስከ 2። በዚያ ሰዓት እናት ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፣ ወንድም ሥራ ላይ ነው፣ እኅት ገበያ ናት።

ይህን በምናብ አትለኩት፤ ሞክሩት። ለሁለት ሳምንት ለወላጆቻችሁና ለቅርብ ጓደኛችሁ በዚያ ሰዓት ብቻ ደውሉ። ሽንብጥ ሆናችሁ ቤተሰብ ቀበሌ 14 ቢሆንም አትሂዱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ቀኑ አለፈ ማለት ነው፣ በሌላ ሰዓት አይካካስም። አሰልቺ ሙከራ ነው፣ ብዙው ሰው ሳምንት አይሞላውም። ካልሞላችሁት ያንን በሐቅ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ወደ በረራው እንምጣ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም ዶሃ አራት ሰዓት ገደማ። ከዚያ ኦክላንድ 16 ሰዓት ገደማ፣ ያለ ማረፍ። ከዓለም ረጃጅም በረራዎች አንዱ ነው። መሐል ላይ ያለውን ጥበቃ ጨምሩበት፤ ከአንድ ሙሉ ቀን ያልፋል።

አሁን ክፉ አያሰማን እንጂ የለቅሶውን ነገር ማንሣት ግድ ነው። እዚህ ሰው ሲያርፍ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ስልኩ ተደውሎ፣ ትኬት ተገዝቶ፣ ሻንጣ ተይዞ ለቀብር መድረስ የለም። ለሰልስትም ዕድል ነው። የሚደረሰው ለአርባው ነው። እሱም ገንዘቡ ካለ፣ ቪዛችሁ ወጥቶ መመለስ የሚፈቅድ ከሆነ፣ አሠሪውም ከፈቀደ። የኒውዚላንድ ሕግ ለቅርብ ቤተሰብ ሞት ከነክፍያው የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ለእነሱ ይበቃል። ለኛ ሰው ግን አብዛኛውን የደርሶ መልሱ በረራ ይበላዋል። ዓመት የሠራ ሰው የ4 ሳምንት የዓመት ፈቃድ ስላለው ከዚያ ላይ ይቆርጣል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሦስት ሰው ስም ጻፉ፤ ቀብራቸው ላይ አለመገኘትን የማትችሉትን። ከስማቸው ጎን ዕድሜና ጤናቸውን አስቀምጡ። ቀጥሎ የአየር መንገድ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ከኦክላንድ ባሕር ዳር የደርሶ መልስ ዋጋ እዩ። ከሦስት ወር በኋላ ያለውን ሳይሆን የነገውን። ለቅሶ ቀደም ብሎ ቦታ አያስይዝም። ያ ዋጋ በቤተሰቡ ቁጥር ተባዝቶ የማይነካ ተቀማጭ መሆን አለበት። «የመመለሻ ገንዘብ» በሉትና ወደ ደረጃ 4 ይዛችሁት ሂዱ።

ደረጃ 3፦ የትኛው በር እንደሚከፈትላችሁ እዩ

ብዙ ሰው እዚህ ይጀምራል፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ይረሳል። ለዚህ ነው ሦስተኛ ያደረግኩት።

ኒውዚላንድ ውስጥ ለመሥራት ዋናው መንገድ ፈቃድ ካለው አሠሪ የሥራ ቅጥር ማግኘት ነው። በሙያ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 6 ነጥብ የሚጠይቅ ሥርዓት አለ። በዚያ አሠራር ባችለር ዲግሪ 3 ነጥብ፣ ፒኤችዲ 6 ነጥብ ያስገኛል። የጎደለው እዚያው በሙያ ሠርቶ በሚቆጠር ዓመት ይሞላል። ዕድሜ ከ55 መብለጥ የለበትም፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በአይልትስ የቋንቋ ፈተና 6.5 ይጠየቃል። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻል ከማመልከታችሁ በፊት የኒውዚላንድ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ያለውን አንብቡ። ነፃ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ሙያችሁ ምዝገባ የሚጠይቅ ከሆነ ይህ ለብቻው አንድ ገጽ ይፈልጋል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሠራች ነርስ እንውሰድ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ የሚመጡ ነርሶች የጽሑፍ ፈተናና የተግባር ፈተና እንዲያልፉ ይጠየቃሉ። የተግባር ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ኒውዚላንድ ነው። ይህ ማለት ማለፏን ሳታውቅ ትኬት ቆርጣ፣ ማረፊያ ከፍላ መሄድ አለባት። ሐኪሙም የራሱ ረጅም መንገድ አለው፣ መምህሩም እንዲሁ። ከፖሊ (ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ለተመረቀ መሐንዲስ ወይም የሶፍትዌር ባለሙያ በሩ ሰፋ ይላል። የሶፍትዌሩ ሰው ግን እዚህ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት መሥራትን አብሮ ይመዝን፤ መብራትና ኢንተርኔት ከፈቀዱለት።

አሁን ስለ ደላላ። ኒውዚላንድ በዚህ ላይ ጠንካራ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ከሀገሪቱ ውጭ ሆኖ ቢሠራም። ጠበቆችን የመሳሰሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው ነፃ የሆኑት። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መዝገብ በኢንተርኔት ይገኛል፣ ስሙን አስገብቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ከኒውዚላንድ ውጭ ሆነው ስለ ተማሪ ቪዛ ብቻ የሚያማክሩ ኤጀንቶች ከፈቃድ ግዴታው ነፃ ናቸው። ስለዚህ «ተማሪ አድርጌ አስገባሃለሁ» የሚለውን ሰው መዝገብ ላይ ልታጡት ትችላላችሁ፤ ጠንቀቅ ማለት እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ደግሞ ይኸው። ሥራ ሰጥቼሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ አሠሪ በራሱ በኒውዚላንድ ሕግ ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ «የቅጥር ደብዳቤው ይህን ያህል ብር ነው» ካላችሁ ወሬው እዚያው ያበቃል። ሰውየው የአክስት ልጅም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቁት ቢሆንም። በተለይ እንዲህ ያለው ላይ ነው ሰው የሚያፍረው፤ አፍሮም የሚከፍለው።

ደረጃ 4፦ ደመወዙን ወደ ብር አትመንዝሩ

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪውን ገመድ ከለቀቀ ወዲህ የውጭ ደመወዝ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ሰው ካልኩሌተር ላይ ያባዛና «በወር ይህን ያህል ሺህ!» ይላል። ግን ዳቦ የምትገዙት በዶላር ነው፣ ኪራይም በዶላር። ወደ ብር የሚመነዘረው ተርፎ የሚላከው ብቻ ነው።

ስለዚህ መለኪያችሁ የሥራ ሰዓት ይሁን። የኒውዚላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በሰዓት 23.50 የኒውዚላንድ ዶላር ነበር። በየኤፕሪሉ ይከለሳል። በዚህ ሒሳብ ሳምንት 40 ሰዓት የሠራ 940 ዶላር ያገኛል። ግብርና የአደጋ መድን መዋጮ ሲቀነስ 780 ገደማ እጁ ይገባል።

አሁን እንበል፤ የጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት 250። ምግብ 130። ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ መብራት 100። የቀረው 300 ነው። እነዚህ ለማስላት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የምትሄዱበትን ከተማ ኪራይ ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ኪራይ እዚያ የሚባለው በሳምንት ነው፣ በወር መስሏችሁ እንዳትደሰቱ። ለመግባት ደግሞ እስከ 4 ሳምንት የሚደርስ ማስያዣና እስከ 2 ሳምንት የሚደርስ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ገና ቤቱ ሳትገቡ የስድስት ሳምንት ኪራይ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

የመመለሻ ገንዘቡን አምጡት። ትኬቱ 3,000 ዶላር ቢሆን ከ300ው ትርፍ ላይ አሥር ሳምንት ይበላል። ያ ለአንድ ሰው ነው፣ ለቤት የሚላከው ሳይነሣ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የሚቻለው በስንት ወር ነው? ቁጥሩን ጻፉት። ደመወዛችሁ ከዝቅተኛው በላይ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ከሆነ። የኛ ሰው ዲግሪ ይዞም ብዙ ጊዜ ከታች ስለሚጀምር ሒሳቡን በዝቅተኛው ሥሩት። በለጠ ደግሞ፣ ተመስገን ነው።

ደረጃ 5፦ የሚያስደስተውንም ጻፉ

እስካሁን ያስፈራራሁ ይመስላል። ሚዛኑ ግን ሌላ ወገን አለው፣ ከባድም ነው።

የአደጋ መድናቸው ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሰው ሥራ ላይም ቤቱም ኳስ ሜዳም ቢጎዳ፣ ጥፋቱ የማንም ቢሆን፣ ሕክምናው ይሸፈናል። ለአንድ የግንባታ ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከባሕር ዳር ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም። የነዋሪ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይማራሉ። ሙስና በጥቂቱ ከሚታይባቸው ሀገራት ተርታ በየዓመቱ ትጠቀሳለች። ወረቀት ለማስጨረስ ሰው ፍለጋ የለም፤ ይህ ብቻውን ዕድሜ ይጨምራል።

ሌላ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው ዜጋ ሳይሆን ብሔራዊ ምርጫ ይመርጣል። ለኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ አዋጅ 378/1996፣ የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ አድርጎ አያቆየውም። ኒውዚላንድ ግን ዜጋ ሳትሆኑ እዚያ ለመኖርና ለመምረጥ ስለምትፈቅድ ፓስፖርታችሁን መያዝ ትችላላችሁ። ዜግነቱን ከወሰዳችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ይሰጣችኋል፤ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትሠራላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ብርዱ፣ ምግቡ፣ ሰዉ

ወቅቱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይገለበጣል። እዚህ ክረምት ገብቶ ጣና ሲሞላ እዚያም ክረምት ነው፣ ግን ብርድ ያለው። ገና የሚውለው በጋ ላይ ነው። ፍልሰታን የምትጾሙት ጃኬት ለብሳችሁ ነው። ብርዱ እንደ ካናዳ አይደለም፣ ኦክላንድ በረዶ አታይም። የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች የእንጨት ናቸው፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ግድግዳቸው ይሻግታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ደንብ አከራይ ሳሎኑን 18 ዲግሪ ማድረስ የሚችል ማሞቂያ እንዲያስገባ ያስገድዳል። ቤት ስታዩ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። መሬቱም ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ክራይስትቸርች ላይ 185 ሰው ሞቷል። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ባጃጅ የለመደ ይለምደዋል።

ምግቡ ላይ የእናቶች ሻንጣ ችግር ውስጥ ይገባል። ኒውዚላንድ ግብርናዋን ከበሽታ ለመጠበቅ የሚገባ ምግብ ላይ ቀልድ አታውቅም። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ያላስመዘገበ እዚያው ኤርፖርት 400 ዶላር ይቀጣል። የጎጃም ማር፣ ቋንጣ፣ የቤት ቅቤ፣ ለዘር የሚሆን እህል፣ እነዚህ በሩን አያልፉም ብላችሁ ቁረጡ። የተቆላ የዘጌ ቡና ይሻላል፣ እሱንም አስመዝግቡ። እናታችሁ «ትንሽ ብቻ፣ ከልብስ መሐል» ካሉ 400 ዶላሩን ንገሯቸው። እጅ በሚገባው ዝቅተኛ ደመወዝ ሲሰላ ከሃያ የሥራ ሰዓት በላይ ነው።

ሰዉን በተመለከተ፦ ኢትዮጵያዊ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። መላው ሀገሩ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያለው። ከኦክላንድ ወይም ዌሊንግተን ውጭ ሥራ ካገኛችሁ አማርኛ የምትሰሙት ከስልክ ነው። እዚህ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ አራስ የሚጠይቅ ጎረቤት አለ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ብታመም ማን ይመጣል? ስወልድ ገንፎ ማን ያገነፋል?» መልሱ ባዶ ከሆነ ባዶውን ተዉት፣ በምኞት አትሙሉት።

ደረጃ 7፦ እዚያ ያለ ሰው ስትጠይቁ

«እንዴት ነው ኑሮ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል፣ ወይ «ተወው ባክህ» ይሏችኋል። ሁለቱም ምንም አይነግሩም። እንዲህ ጠይቁ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ? መጀመሪያ የሠራሽው ሥራ ምን ነበር? ከሦስት ዓመት ወዲህ ስንት ጊዜ ኢትዮጵያ መጣችሁ? ልጆቻችሁ ከአያታቸው ጋር በምን ቋንቋ ያወራሉ?

ቢያንስ ሁለት ሰው ፈልጉ። አንደኛው ተመልሶ የመጣ ቢሆን ግሩም ነው። ተመላሽ ማግኘት ይከብዳል፣ የተመለሰ ሰው ስለመመለሱ ማውራት አይወድም። ለምን እንደማይወድ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ። ፎቶው ላይ ያለውን መኪና ደግሞ አትጠይቁ። እዚያ አሮጌ መኪና ርካሽ ነው።

ደረጃ 8፦ ወረቀቶቹ

ለመሄድ ሳትወስኑም ወረቀት ማስተካከል ጥቅም አለው። ትልቁ ጣጣ ስም ነው። በፓስፖርት፣ በዲግሪ፣ በልደት ሰርተፍኬት ላይ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፏል? አንዷ ፊደል ብትለያይ ወራት ትበላለች። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው። አንዱ ሰነድ ላይ 1997፣ ሌላው ላይ 1998 ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉት። ቤት ወይም መሬት ካላችሁ ውክልና የምትሰጡት ለተወሰነ ጉዳይ ይሁን። ጠቅላላ ውክልና ለወንድምም ቢሆን ፍቅር ያበላሻል።

ደረጃ 9፦ መዝኑት፣ አትቁጠሩት

አሁን ደብተሩ ሞልቷል። ብዙው ሰው እዚህ ሲደርስ ጥቅሙን በቀኝ፣ ጉዳቱን በግራ ጽፎ ይቆጥራል። ሰባት ለአምስት፣ እንሂድ! እንዲህ አይሆንም። አንድ መስመር አሥሩን ሊያነሣ ይችላል።

እኔ የምመክረው ሌላ አከፋፈል ነው። የጻፋችሁትን ሁሉ በሁለት ክፈሉት፤ በኋላ ሊመለስ የሚችል፣ የማይመለስ። ከሥራ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በተለይ መሥሪያ ቤቱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከሰጠ። ዕቃ መሸጥ ይመለሳል። ቤት መሸጥ፣ በባሕር ዳር በዛሬው የቦታ ዋጋ፣ አይመለስም ብላችሁ ያዙት። የእናት የመጨረሻ ዓመታት አይመለሱም። የአምስት ዓመት ልጅ አማርኛ በከፊል ይመለሳል፣ በብዙ ድካም። በሌላው ወገን ደግሞ ልጁ ያለ ትምህርት ያሳለፋቸው ዓመታትም አይመለሱም። የባከነ ሙያም እንደዚያው። የማይመለሱትን ከሁለቱም ወገን አውጥታችሁ ብቻቸውን አንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ውሳኔው ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ገጹ «ሂዱ» ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመመለሻ መስመር አስምሩ። እንዲህ ያለ፦ «በሁለት ዓመት ውስጥ በሙያዬ ሥራ ካላገኘሁ እመለሳለሁ»፣ ወይም «እናቴ ከአልጋ ከዋለች አንዳችን እንመለሳለን»። ቀኑን ጻፉበት። ይህን የምለው ከባሕር ዳር ወጥቶ ሰውን ሩቅ ሀገር አስሮ የሚያስቀረው ቪዛ ስላልሆነ ነው። «ባዶ እጁን መጣ» መባልን መፍራት ነው። አጎት ቤት ሸጦ ልኮታል፣ ሰፈሩ ሸኝቶታል፣ ዳቦ ተቆርሶ ተመርቋል፤ እንዴት ብሎ ይመለሳል? እዚያ ደስ ሳይለው ዓመት ይቆጥራል። ከተመለሰም አንገቱን ደፍቶ ነው።

ደረጃ 10፦ ለቤተሰብ ከሽኝቱ በፊት ንገሩ

መስመሩን ደብተር ላይ ብቻ አትተዉት። ለአባትና ለእናት፣ ለታላላቆች፣ ገንዘብ ላዋጣ ሰው ሁሉ አንብቡላቸው። በግልጽ፦ «አባዬ፣ ሁለት ዓመት እሞክራለሁ። ካልሆነ መምጣቴ ነው፣ ያኔ እንዳትቀየሙኝ።» አንዳንዱ ይቆጣል፣ «ሳይሄድ መመለስ ያወራል» ይላል። ይበል። ዛሬ የሚቆጣው ቁጣ ያኔ ከሚሆነው ይቀላል። ብድር ካለ መክፈያ ጊዜው ከመመለሻው ቀን ጋር ይታሰር። ማን ወላጅ እንደሚያይ፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስድ፣ ማን ምን እንደሚያዋጣ እኅትና ወንድም በተገኙበት ይወሰን፤ ወጪው ሁሉ በሄደው ሰው ላይ፣ ድካሙ ሁሉ በቀረችው እኅት ላይ እንዳይወድቅ።

ገጹ «ቅሩ» ካላችሁም ለቤተሰብ መንገር አለባችሁ፣ በተለይ ተስፋ ላደረጉት። ለትኬትና ለማስያዣ የጀመራችሁትን ቁጠባ ግን አታቁሙት። ለአይልትስ የያዛችሁት ጥናትም ቢቀጥል አይጎዳም፤ ውጤቱ በብዙ ሀገር የሚቆጠረው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ብቻ ፈተናውን አትቸኩሉበት። ከዓመት በኋላ የማይመለሱት የተጻፉበትን ገጽ ብቻ አውጡና የተለወጠ ነገር ካለ አርሙት።